አንዲት ክፍል፣ አምስት እንቅልፍ



በዚህ ጽሑፍ የማነሣላችሁ ጉዳይ ከመድረክ ሲሰበክበት የማይሰማ ነው። በባለትዳሮች ሴሚናር ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ አማትና ምራት፣ ስለ ይቅርታ ብዙ ይባላል። ትንንሽ ልጆችን ይዞ ለዕረፍት ሲወጣ፣ በአንዲት የሆቴል ክፍል ውስጥ ማን የት፣ በስንት ሰዓትና እንዴት እንደሚተኛ የሚያስተምር ግን የለም። ነገሩ ትንሽ ስለሚመስል ይሆናል።

እኔና ባለቤቴ ባለትዳሮችን በማማከር ባገለገልንባቸው ዓመታት፣ ለዕረፍት ሄደው ተኳርፈው የተመለሱ ጥንዶች በራችንን ያንኳኩበት ጊዜ ነበር። አንደኞቹ ለዚያ ጉዞ ዓመት ሙሉ ዕቁብ ጥለዋል። የጠባቸውን ሥር ስንፈልግ ገንዘብ አልነበረም፤ ሌላ ሴትም አልነበረችም። ልጆቹ በመጀመሪያው ሌሊት እስከ አምስት ሰዓት አልጋ ላይ ሲዘልሉ አመሹ። አባት «አንቺ አስተኛቸው» ብሎ ወደ ግቢው ወረደ። እናት ጨለማ ውስጥ ከሦስት ልጅ ጋር ቀረች። በሁለተኛው ቀን ልጆቹ እንቅልፍ ስላልጠገቡ ሲነጫነጩ ዋሉ፤ በሦስተኛው ቀን ባልና ሚስቱ የሚነጋገሩት በልጆቹ በኩል ብቻ ሆነ። «ለአባትህ ቁልፉን ስጠው በለው።» እንዲህ ሆኖ ዕረፍቱ ከሥራ ቀን ይልቅ አደከማቸው።

ስለዚህ ዛሬ እናት ከእናት ጋር እንደምትጫወት፣ አባቶችም ቀርባችሁ እየሰማችሁ፣ ስለዚህ ነገር እንነጋገር።

እንደ ልጆቹ እርምጃ

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የያዕቆብን ሕይወት ስናጠና፣ በያቦቅ ወንዝ ዳር ስላደረገው ትግል ረጅም ሰዓት እንወያይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ምዕራፍ ግን የወደድኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ዔሳው ወንድሙን ካቀፈውና ከሳመው በኋላ አብረው እንዲጓዙ ይጠይቀዋል። ያዕቆብ ግን በትሕትና ይመልሳል፦ ልጆቹ ገና ለጋ እንደ ሆኑ፣ የሚያጠቡ ከብቶችም እንዳሉ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ቢያቻኩሏቸው መንጋው እንደሚያልቅ ይነግረዋል። እርሱ በልጆቹ እርምጃ ቀስ ብሎ እንደሚከተልም ያስረዳል (ዘፍ. 33፥13-14)።

በዚያ ጉዞ ውስጥ የአራት መቶ ሰው አለቃ የሆነው ዔሳው ፍጥነቱን አልወሰነም። ፍጥነቱን የወሰኑት ትንንሾቹ እግሮች ናቸው። ሚስቶች፣ ሎሌዎችና ብዙ ሀብት የነበረው ሰው ጉዞውን በልጆቹ ልክ ሰፋ። እኛም ለዕረፍት ስንወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ምን እንይ?» ከመሆኑ በፊት «ልጆቻችን በምን እርምጃ መሄድ ይችላሉ?» ቢሆን ብዙ ዕንባ ይድናል።

የትንንሾቹ እርምጃ ደግሞ በእንቅልፍ ይለካል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር መሠረት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይገባዋል፤ በእነዚህ ውስጥ የቀን እንቅልፍም ይቆጠራል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያስፈልገዋል።

እስቲ እንቁጠር። የአራት ዓመት ልጃችሁ ቤት ሳለ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 1 ሰዓት ቢነሣ 11 ሰዓት ተኛ ማለት ነው። በሆቴሉ ግን እስከ 4 ሰዓት ተኩል አመሸ እንበል። ጠዋት መጋረጃው ብርሃን ስለሚያስገባና በኮሪደሩ የጽዳት ሠራተኞች መንቀሳቀስ ስለሚጀምሩ በ12 ሰዓት ተኩል ዐይኑ ተገለጠ። እንቅልፉ 8 ሰዓት ብቻ ሆነ፤ በአንድ ሌሊት ሦስት ሰዓት ጎደለ። በማግስቱ ሐይቁ ዳር አሸዋ ላይ ተንከባሎ የሚያለቅሰው ልጅ ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ዕዳ አለበት። ሐዋርያው አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ሲያስጠነቅቅ (ኤፌ. 6፥4) ይህንንም ያካትታል ብዬ አምናለሁ፤ እንቅልፍ ነሥተነው ስለ ባሕርዩ የምንቀጣው ልጅ ምን ያህል ያዝን ይሆን?

ሌላ አልጋ ለምን ይከብዳል?

ብዙ ወላጆች «ደክሞት ስለሚውል ጭንቅላቱ ትራስ እንደ ነካ ይተኛል» ብለው ይጠብቃሉ። የሚሆነው ግን በተቃራኒው ነው። የመኝታ ሰዓቱ ያለፈበት ትንሽ ልጅ ሰውነቱ ለመንቃት ይታገላል፤ ይሮጣል፣ ይስቃል፣ ከዚያ ድንገት ያለቅሳል። ይህን አይታችሁ «ኧረ ገና አልደከመውም» አትበሉ። ከደከመው ቆይቷል።

ቦታው አዲስ መሆኑም ራሱን የቻለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአዋቂዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ሰው በማያውቀው ስፍራ በመጀመሪያው ሌሊት ሲተኛ የአንጎሉ አንደኛው ክፍል ከሌላው ይልቅ ንቁ ሆኖ እንደሚያድር አስተውለዋል። ትልቅ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ የአልጋውን ሽታ፣ የግድግዳውን ጥላና የበሩን ድምፅ ለማያውቅ ሕፃን እንዴት አይከብደው? ስለዚህ የመጀመሪያዋን ሌሊት በትዕግሥት ተቀበሏት። ሁለተኛዋ ሌሊት ብዙ ጊዜ ትሻላለች።

ብርሃንም አለ። ማታ ሰውነታችንን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀው ሜላቶኒን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚመነጨው ሲጨልም ነው። የስልክና የቴሌቪዥን ብርሃን ያዘገየዋል፤ የልጆች ዐይን ደግሞ ከእኛ ይልቅ ብርሃን ያስገባል። በሆቴል ክፍል ቴሌቪዥኑ ብዙውን ጊዜ ከአልጋው ፊት ለፊት ነው። የእኛ ልማድ ክፍሉ ውስጥ ስንገባ ነጠላ ጣል ማድረግ ነው። ልጆቹ ሲጠይቁ «እርሱም ዕረፍት ላይ ነው» እንላቸዋለን።

ከቤት ሳትወጡ

እኛ ሦስት ልጆቻችንን ይዘን ለመጀመሪያ ጊዜ ሐዋሳ የሄድነው በ2007 ዓ.ም ነሐሴ ወር ነው። ትልቁ ሰባት፣ መካከለኛዋ አራት ዓመቷ፣ ትንሹ የአሥር ወር ሕፃን ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች የአራት ሌሊት ወጪያችንን ችለው «ሂዱና ዕረፉ» አሉን። ባለቤቴ ያን ዓመት በአገልግሎት እጅግ ተንገላቶ ነበርና ስጦታው ከጌታ እጅ እንደ ሆነ ተቀበልነው። የተያዘልን ግን አንዲት ክፍል ናት፤ አምስት ሰው፣ አንድ ትልቅ አልጋ፣ አንድ ተጨማሪ ፍራሽ። በዚያ ጉዞ የጠቀሙንን፣ ከዚያ ወዲህም በሌሎች ቤተሰቦች ላይ ሲሠሩ ያየናቸውን ነገሮች ልንገራችሁ።

አስቀድማችሁ ደውሉና ጠይቁ። ክፍሉ ከአዳራሹና ከጄኔሬተሩ ይራቅ። በጥር የሰርግ ወቅት ሆቴሎች ግቢያቸው ውስጥ ድንኳን ተክለው ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በሌላውም ወር አይቀርም። ተጨማሪ ፍራሽ መኖሩን፣ ክፍያውንና ክፍሉ ውስጥ የት እንደሚነጠፍ ጠይቁ። በረንዳ ካለው የበረንዳው በር ከውስጥ በደንብ መቆለፉን ገና ዕቃ ሳታወርዱ አረጋግጡ። ትንንሽ ልጅ ጎሕ ሲቀድ ሁሉ ተኝቶ ሳለ ብቻውን ይነሣልና።

አጎበር ጠይቁ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳርቻም ወባ የሚያሰጋበት ነው። ትንኟ ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች። ብዙ ጊዜ አጎበሩ የሚሰቀለው በትልቁ አልጋ ላይ ብቻ ነውና ወለል ላይ ለሚተኙት ልጆች ሌላ ይሰጣችሁ እንደ ሆነ አጣሩ፤ ከሌለ ከቤታችሁ ያዙ። ልጆች አጎበር ይወዳሉ። መካከለኛዋ ልጃችን «ድንኳኔ» ብላ ስም አውጥታለት፣ ወደ መኝታ መሄድ በራሱ ጨዋታ ሆነላት።

ከቤት የልጁን የራሱን አንሶላ ወይም ብርድ ልብስ፣ ሳታጥቡት፣ ያዙ፤ ሽታው የቤት ነውና ያረጋጋዋል። ሁለት ነጠላና ገመድ ያዙ፤ በፍራሹና በትልቁ አልጋ መካከል ሲጋረድ አንዲቱ ክፍል ሁለት ትሆናለች። ትንሽ የእጅ ባትሪ ያዙ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን የሕክምና ባለሙያዎች የሚመክሩት ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ በጀርባው፣ ያለ ትራስና ያለ ከባድ ልብስ እንዲተኛ ነው። እኛ ተጣጣፊ የሕፃን አልጋ ተውሰን ሄድን። ደክሞን ሕፃኑን በወፍራም የሆቴል ብርድ ልብስ መካከል ከማስተኛት ያ የተሸከምነው ዕቃ ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን ባልና ሚስት ሆናችሁ ተነጋገሩ። ማን የትኛውን ልጅ ያስተኛል? ሌሊት ሲነሣስ? እኛ ምሽቶቹን ተካፈልናቸው። አንደኛችን ስናስተኛ ሌላው ከፈለገ ይጸልያል፣ ከፈለገ በግቢው ይራመዳል፤ በማግስቱ ይለዋወጣል። ይህ ውል ከቤት ካልተገባ፣ ሁለታችሁም በደከማችሁበት ሰዓት በሹክሹክታ ይጀመራል፤ በሹክሹክታ የሚጀመር ጠብ ደግሞ ሹክሹክታ ሆኖ አይቀርም።

መንገዱና ማዕዱ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንጋት ላይ ብትነሡ ልጆቹ ከሞጆ በኋላ ያሸልባሉ፤ ይህ መልካም ነው። ከቀትር በኋላ ብትነሡ ግን እንቅልፉ የሚይዛቸው ከአርሲ ነገሌ ወደ ሻሸመኔ ስትቃረቡ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ግድም ይሆናል። በዚያ ሰዓት ለግማሽ ሰዓት የተኛ የአራት ዓመት ልጅ የማታ እንቅልፉን ከፊሉን በልቶታል። የምሽቱ ትግል የሚወሰነው መንገድ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

እራትም እንዲሁ። የሆቴል ወጥ ቤት እንደ ቤታችን ጓዳ አይደለም፤ ያዘዛችሁት ዓሣ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ለልጆቹ በ11 ሰዓት ተኩል እዘዙ፤ በ12 ሰዓት ተኩል ይብሉ። ልጆቹን አስተኝቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ሁለት ሆኖ ወደ ምግብ ቤቱ መውረድ የሚፈትን ሐሳብ ነው። እለምናችኋለሁ፣ አታድርጉት። ስልክ ከፍቶ ክፍል ውስጥ ትቶ መውረድም ያው ነው። የሚነሣ ሕፃን፣ የማይታወቅ ክፍልና የተቆለፈ በር አንድ ላይ አይሆኑም።

ለእኛ ለአገልጋይ ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የፓስተሩን መምጣት የአካባቢው ወገኖች ይሰማሉ። እኛ በደረስን በማግስቱ አንዲት በጌታ ያደጉ እናት ሆቴሉ ድረስ መጡና «ፓስተር ከተማችን ድረስ መጥተው እራት ሳይቀምሱልኝ?» አሉን። የእንዲህ ያለ ሰው ፍቅር አይገፋም። እኔም ጉንጫቸውን ስሜ «እማማ፣ እኛስ ደስ ይለን ነበር፤ ልጆቹ ግን በሁለት ሰዓት ይተኛሉ። ምሳ እንምጣልዎት?» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እራት ያልኩትማ ዶሮው በደንብ እንዲበስል ብዬ ነበር፤ እንግዲያው በሌሊት ተነሥቼ እሠራዋለኋ!» ብለው ሳቁ። ምሳውን በልተን፣ ጸልየን፣ ልጆቹም በግቢያቸው ሲሯሯጡ ውለው ተመለስን። አያችሁ፣ እምቢታ ሳይሆን የሰዓት ለውጥ ነው የጠየቅነው። ሰዎች ከምናስበው በላይ ይረዳሉ። ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ባስተማረበት ምሽት በመስኮት ተቀምጦ የነበረውን አውጤኪስን እንቅልፍ ጥሎት ከሦስተኛው ፎቅ ወድቋል (ሐዋ. 20፥9)። ሐዋርያው ራሱ እየሰበከ ጎልማሳ ከተኛ፣ የእኛ ሕፃናት በእራት ግብዣ ላይ ቢያንቀላፉና ቢያለቅሱ አይፈረድባቸውም።

ምሽቱ እንዴት ይመራ?

ልጅ ሰዓት አያውቅም፤ ቅደም ተከተል ግን ያውቃል። ቤታችሁ ውስጥ ገላ መታጠብ፣ ፒጃማ፣ ጥርስ ማጽዳት፣ ታሪክ፣ ጸሎት ከሆነ፣ በሆቴሉም ያው ቅደም ተከተል ይሁን። ክፍሉ ቢለወጥም ሥርዓቱ ካልተለወጠ ልጁ ቤቱን ይዞ የመጣ ያህል ይሰማዋል። ዘዳግም 6፥7 የጌታን ቃል ለልጆቻችን እንድናስተምር ሲያዝዝ ከጠቀሳቸው ሰዓቶች አንዱ የምንተኛበት ሰዓት መሆኑን አስቡ። ቤት ውስጥ ስንቀመጥ ብቻ ሳይሆን በመንገድ ስንሄድም ይላል፤ ዕረፍትም መንገድ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ስለ ታሪክ ምርጫ። ባለቤቴ በሁለተኛው ምሽት የሳሙኤልን ታሪክ መረጠ፤ ብላቴናው በመቅደሱ ተኝቶ ሳለ ጌታ ሲጠራውና ወደ ዔሊ ሲሮጥ። ታሪኩ አለቀ፣ ተጸለየ፣ መብራት ጠፋ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መካከለኛዋ ከድንኳኗ ወጥታ «አባዬ፣ ጠራኸኝ?» አለችው። «አልጠራሁሽም፣ ተኚ።» ጥቂት ቆይታ ደግሞ «አባዬ፣ ጠራኸኝ?» ሦስተኛ ስትመጣ አባትዬው ፊቱን በትራስ ሸፍኖ ይስቅ ነበር። ያ ታሪክ ለቀን ይሁን።

ልጆቹ ዕድሜያቸው ከተራራቀ በተራ አስተኟቸው። እኛ ሕፃኑን በ1 ሰዓት ተኩል እናስተኛለን፤ በዚያ ጊዜ ሌላው ወላጅ ሁለቱን ትልልቆች ይዞ በግቢው ቀስ ብሎ ይራመዳል እንጂ አያሯሩጣቸውም። መካከለኛዋ በ2 ሰዓት ትገባለች። ትልቁ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ተጨማሪ አለው፤ በመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ትራስ ተደርጎለት፣ በባትሪ የሥዕል መጽሐፍ ቅዱሱን ያነባል። «የሹክሹክታ ሰዓት» እንለዋለን። ትልቅ መሆኑ ስለ ተከበረለት ታናናሾቹን አይቀሰቅስም፤ እንዲያውም እኛ ድምፅ ስናሰማ «እሽ!» የሚለን እርሱ ነው።

ክፍሉ ቬንቲሌተር ካለው ወደ ግድግዳ አዙሩና ክፈቱት፤ አንድ ዓይነት የሆነው እምምታ የኮሪደሩን ድምፅ ይውጠዋል። ለሌሊት የሚያስፈልጋችሁን ውኃ፣ ዳይፐርና መድኃኒት አስቀድማችሁ በአንድ ወንበር ላይ አዘጋጁ። ሕፃኑ ሌሊት ሲነሣ መብራት አታብሩ፣ አታጫውቱት፤ በጨለማ አጥቡት ወይም አባብሉት፣ እሹሩሩ በሉት፣ መልሱት። ጎረቤት እንግዳ ሰማ ብላችሁ አትሸማቀቁ። ጠዋት «ልጃችን ረበሻችሁ ይሆን፣ ይቅርታ» ማለት ይበቃል።

ጌታችን ስለ ጸሎት ባስተማረበት ምሳሌ በእኩለ ሌሊት እንጀራ የሚለምን ወዳጅ አለ፤ ውስጥ ያለው ሰው በሩ መቆለፉንና ልጆቹ አብረውት መተኛታቸውን ይናገራል (ሉቃ. 11፥5-8)። ስለዚያ ሰው ሲሰበክ ስንፍናው ነው የሚነገረው። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር አዝንለታለሁ፤ ቤተሰቡን በሙሉ በአንዲት ክፍል በስንት መከራ አስተኝቷልና! ጌታ ያን ዓይነት ቤት ያውቅ ነበር።

ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጆችን በጊዜ ማስተኛት ለልጆቹ ብቻ አይደለም። ያቺ የሁለቱ ሰዓት ጊዜ ለትዳር ናት።

በሐዋሳ በሁለተኛው ምሽት፣ ከሳሙኤል ቀልድ በኋላ፣ ሦስቱም ተኙ። መብራት ማብራት ስለማይቻል የበረንዳውን በር ገርበብ አድርገን፣ የልጆቹ ትንፋሽ እየተሰማን፣ ከደፉ ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሐይቁ አይታይም፤ ሽታውና የእንቁራሪቱ ድምፅ ብቻ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ባለቤቴ «ከፋሲካ ጀምሮ ልነግርሽ የፈለግሁት ነገር አለ» አለኝ። አገልግሎቱን ለማቆም የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ፣ በቦርሳው ይዞ፣ አራት ወር ዞሯል። ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ እሑድ ጠዋት ወደ መድረክ ሲወጣ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ነገረኝ።

ይህን የምጽፈው በእርሱ ፈቃድ ነው፤ «አንድ ሌላ አገልጋይ ቢያነበው ይጠቅመዋል» ብሎኛል።

እኔ ያን ምሽት መልስ አልሰጠሁትም። ጥቅስም አልጠቀስኩም። ጋቢውን ለሁለታችን ዘረጋሁትና እጁን ያዝኩ። ቤታችን ውስጥ ይህን ለመናገር ለምን አልቻለም? ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልክ አለ፣ እንግዳ አለ፣ የቤት ሥራ አለ፣ የእሑድ ስብከት አለ። እዚያ ግን የሚሠራ አልነበረም። ጨለማ፣ ዝምታና የተኙ ልጆች ብቻ። የቀሩትን ሁለት ምሽቶችም እስከ አራት ሰዓት እንዲያ በሹክሹክታ ተጨዋወትን፣ አለቀስን፣ ጸለይን። ልጆቹ በአምስት ሰዓት የሚተኙ ቢሆኑ ኖሮ ያ ደብዳቤ ከቦርሳው ሳይወጣ ተመልሰን ነበር።

ኤልያስ ከክትክታው ሥር ወድቆ መሞትን በለመነ ጊዜ ጌታ ወዲያው አልገሠጸውም፤ ተልእኮም አልሰጠውም። አስተኛው። መልአኩ ቀሰቀሰው፣ አበላው፣ ደግሞ ተኛ (1 ነገ. 19፥4-8)። ጥያቄውና ድምፁ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ በእነዚያ ቀናት ልጆቹ የቀትር እንቅልፋቸውን ሲተኙ እርሱም አብሯቸው ይተኛ ነበር፤ በአጎበሩ ሥር አራት ጭንቅላት። ከተመለስን በኋላ ደብዳቤውን አላስገባውም፤ ይልቅስ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ሸክሙን ነገራቸው፣ ሰኞ የዕረፍት ቀኑ እንዲሆን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላም ስልክ እንዳያነሣ ተስማሙ። ዛሬም ያገለግላል፤ በጸጋው።

«ታዲያ ስለ ባልና ሚስት ቅርርብስ?» የምትሉኝ እኅቶች አላችሁ፤ ጥያቄው አያሳፍርም። ልጆች በተኙበት ክፍል ውስጥ ጥንቃቄና ክብር ያስፈልጋል። አያት ወይም እኅት አብራችሁ ከሄደች፣ አቅምም ከፈቀደ፣ ሁለተኛ ክፍል ያዙ። ካልሆነ ጳውሎስ እንዳስተማረው በሁለታችሁ ስምምነት ለጊዜው መታገሥ ይቻላል (1 ቆሮ. 7፥5)። ለአራት ቀን መታገሥ ትዳርን አይጎዳም፤ ለአራት ወር አለመነጋገር ግን ይጎዳል።

ሌሊቱ ቢበላሽስ?

ሁሉን አዘጋጅታችሁም ሌሊቱ የሚበላሽበት ጊዜ ይኖራል። ልጅ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ጥርስ ያበቅላል፣ በላይኛው ፎቅ ሰዎች ወንበር ይጎትታሉ። እንዲያ ሲሆን በማግስቱ ያሰባችሁትን ቀንሱ። ሐዋሳ ብትሆኑ ማለዳ ከልጆቹ ጋር ወደ አሞራ ገደል መውረድ፣ የዓሣ አስጋሪዎቹን ጀልባና ትርፍራፊ የሚጠብቁትን ትልልቅ አባ ኮዳዎች ማየት፣ ተመልሶም መተኛት ይበቃል። የቀን እንቅልፍን እንደ ጠፋ ጊዜ አትቁጠሩት። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ወስዶ እንዲያርፉ የጋበዛቸው ለመብላት እንኳ ጊዜ ባጡበት ቀን ነው (ማር. 6፥31)፤ የጉብኝት ዝርዝር አልሰጣቸውም።

ወደ ቤት በተመለሳችሁ ምሽት ደግሞ የቀድሞውን ሰዓት ወዲያው ያዙ። ልጆች ለአንድ ሁለት ቀን ሊያስቸግሩ ይችላሉ፤ ጽኑ፣ ግን አትቆጡ። እናንተም የበረንዳዋን ሰዓት ይዛችሁ ተመለሱ። በሳምንት አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኩን አጥፍታችሁ፣ መብራቱን ቀንሳችሁ፣ ቡና ባይኖርም ጎን ለጎን ተቀመጡ። የትዳር ጓደኛችሁ በቦርሳው ምን ይዞ እንደሚዞር አታውቁምና።

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ መዝሙረኛው እንቅልፍን ጌታ ለሚወዳቸው የሚሰጠው ስጦታ አድርጎ ይቈጥረዋል (መዝ. 127፥2)፤ የእስራኤል ጠባቂ ራሱ እንደማይተኛም ይመሰክራል (መዝ. 121፥4)። እርሱ ስለማይተኛ እኛ መተኛት እንችላለን። ልጆቻችሁን በጊዜ አስተኙ፤ እናንተም በጊዜ ዕረፉ። የሰላም አምላክ በቤታችሁም፣ በመንገዳችሁም፣ በምታድሩባት በዚያች ጠባብ ክፍልም ይጠብቃችሁ። አሜን።